አማቾቻችንን ከመጻሕፍት ስናጠያይቅ

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ የነበሩትን አንድ በአንድ ልጥራ። እናቴ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ወንበር ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም። ታላቅ ወንድሟ፣ እህቴንና እኔን ያሳደጉን፣ ጋሼ የምንላቸው አጎታችን፣ ከሶፋው ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ ነበሩ። ወደ መግቢያው በኩል ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንደኛው ከአሌክሳንድሪያ የመጡ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ናቸው፤ ሱፋቸው ላይ ነጭ ኩታ ደርበዋል። ሁለተኛው የእህቴ እጮኛ አባት ናቸው፤ ስዊድናዊ፣ በራችንን ጎንበስ ብለው የገቡ ረጅም ሰው። ሦስተኛዋ የእሳቸው እህት ናቸው፤ ነጭ ፀጉራቸውን እንደ ወንድ አሳጥረው የተቆረጡ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሱ። እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን ግድግዳ ተደግፌ ነበር። ሁለት ሰዎች ደግሞ ሳሎን ባይገቡም እዚያው ነበሩ። እህቴ መኝታ ቤቷ ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ እጮኛዋ ከሕንፃው ሥር ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ላይ ተቀምጦ። አግቢው ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ አይገባምና።

ሰዎቹን እንዲህ የምጠራበት ምክንያት አለኝ። ከዚያ እሑድ በፊት ለወራት ስለ ስዊድኖች የጻፉ የውጭ አገር ሰዎችን ሳነብ ከርሜ ነበር። ከብዙዎቹ ያጣሁት ይህንኑ ነው። «ስዊድኖች እንዲህ ናቸው» ይላሉ እንጂ የትኛው ሰው፣ በማን ቤት፣ ማን እያየው እንዲያ እንዳደረገ አይናገሩም። እኔ እንደነሱ ላለማድረግ ወስኛለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሴቨን ኮርነርስ፣ ጋሼ ሻንጣና የስልክ ዕቃ በሚሸጡበት ሱቅ ውስጥ ነው። እህቴ ቤት ውስጥ ለመናገር ስላልደፈረች ሱቁ ድረስ ይዛኝ ሄደች።

«ላገባ ነው፣ ጋሼ» አለች።

«እሰይ! የማን ልጅ ነው?»

«ስዊድናዊ ነው። አሌክሳንድሪያ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው የምንሠራው።»

«አገሩን አልጠየቅኩሽም። የማን ልጅ ነው?»

እህቴ የአባቱን ስም ታውቃለች፤ ጋሼ የፈለጉት ግን ስም አልነበረም። በእኛ ቤት ልጅ ከመዳሩ በፊት ይጠያየቃል። ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ አባቱ ከጎረቤት ጋር እንዴት እንደኖረ፣ እናቱ እንግዳ እንዴት እንደምትቀበል፣ ጠጪ፣ ጠበኛ፣ ቃሉን የሚያጥፍ ከቤተሰቡ ውስጥ ይኑር አይኑር ይጣራል። ጋሼ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ፌርፋክስ ካለ አንድ ወዳጃቸው ጀምረው፣ በስልክ እየተቀባበሉ ደብረ ታቦር ያለ የአንድ ሰው አያት ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ሲያጣሩ አይቻለሁ። አሁን ግን ስልኩን አንስተው መልሰው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት።

«እዚያ አገር ማንን ኮል አደርጋለሁ?» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ አይደለህ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ ላይ የምትደፋው? በል፣ መጽሐፎቹን ኮል አድርግልኝ። ስለ ሰውየው የሚነግረኝ ጎረቤት ከሌለ ስለ አገሩ ጠይቅ።»

እኔ ኮሌጅ አልገባሁም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የመነፅር መስታወት በሚቆረጥበት ላብራቶሪ ነው የምሠራው። መስታወቱ በጥቂት ዲግሪ ዞሮ ከገባ ባለቤቱ ደረጃ ሲወርድ ይደናቀፋል፤ ስለዚህ «ይሄ ይበቃል» የሚባል ነገር አልወድም። የማውቀውን ያወቅኩት ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ፣ በባቡር ስመላለስ እያነበብኩ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከእህቴ ጋር ሬድ ላይን ላይ ተሳፍረን ስንሄድ እንዲህ አለችኝ፦

«ጋሼ እምቢ ካሉ እማዬ አትመርቀኝም። ሳትመርቀኝ አላገባም። እሱን ደግሞ አልተውም።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እኔ ምንም አላደርግም። አንተ ነህ የምታነበው። አጣፍጠህ እንዳትነግራቸው ብቻ፤ ሲዋሹ ያውቃሉ።»

ማንበብ ጀመርኩ። በፈረስ ጋሪ ዘመን ስዊድንን የዞሩ መንገደኞች የሚያማርሩት አሁን ማንም በማይጠረጥረው ነገር ነው። ሥነ ሥርዓቱ አያልቅም፤ ለሰላምታ መጎንበስ፣ ለመሰናበት መጎንበስ፣ ገበታው ላይ ምግብ እየተከታተለ መምጣቱ፣ ብሉ ተብሎ መጨቅጨቁ አሰልቺ ነው ይላሉ። ይህን ቅዳሜ ለጋሼ ስነግራቸው ደስ አላቸው። «የእኛው ሰዎች ናቸው እኮ!» አሉ።

ቀጥሎ ያሉት ጸሐፊዎች ሌላ ሰው ይዘው መጡ። አገራቸው በችግር የተመታችባቸው አሜሪካውያን እዚያ ሄደው ሁሉ የተመጣጠነባት፣ ሀብታምም ድሃም ያልበዛባት የምታስቀና አገር አገኙ። መንግሥት የሚባል ነገር የሚያስቆጣቸው ደግሞ ያቺኑ አገር አይተው ሰው ሳይታሰር የታሰረባት አሏት። ከፀሐይ አገር የመጡት ብርዱንና ዝምታውን ጻፉ፤ ሰዎቹ አሳንሰር ውስጥ ጎረቤት እንዳያጋጥማቸው በራቸው ኋላ ቆመው ኮቴ እንደሚያዳምጡ፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተራርቀው እንደሚቆሙ ተረኩ። ይሄ እውነት ሳይሆን አይቀርም ብዬ ስቀበል የፊንላንድ ሰዎች የጻፉትን አገኘሁ። ጎረቤቶቻቸው ስዊድኖች ወሬ ያበዛሉ፤ አንድ ነገር ለመወሰን ስብሰባ ላይ ስብሰባ ይደርባሉ ይላሉ።

«ታዲያ ዝምተኛ ናቸው ወይስ ለፍላፊ?» አሉ ጋሼ።

«እንደ ጠያቂው ነው፣ ጋሼ።»

«ይሄ ምን የሚሉት መልስ ነው? ሰው እኮ ነው የላክሁት፣ ነፋስ አይደለም!»

ሳቅሁ፤ ግን የተናገርኩትን እያመንኩበት ሄድኩ። እያንዳንዱ ጸሐፊ ስለ ስዊድኖች የሚነግረኝን ያህል ስለ ራሱ ቤት ይነግረኛል። ከቤቱ የጎደለውን ወይም የበዛበትን እዚያ ሄዶ ይለካል። ስለዚህ እያንዳንዱን ወሬ ከመቀበሌ በፊት «ይሄ ሰውዬ ከየት ነው የመጣው?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ።

ጋሼን ግን አንድ ነገር ያዛቸው። የእናቴ ጓደኛ በስልክ ያሳየቻት ወሬ ነው። ስዊድን ውስጥ ልጅ ጓደኛው ቤት ሊጫወት ሄዶ የራት ሰዓት ሲደርስ ቤተሰቡ ይበላል፣ እንግዳው ልጅ ሌላ ክፍል ሆኖ ይጠብቃል የሚል። እናቴ ሰምታ አፏን በእጇ ያዘች።

«ቁጭ ብሎ? እያሸተተው?»

ጋሼ አልጮኹም። «ሌላው ሁሉ ይቅር። ይሄን ብቻ ቼክ አድርግልኝ» አሉ። «እውነት ከሆነ ልጄን እዚያ ቤት አልሰጥም።»

እህቴ ይህን ሰማች። እንግዲህ ጋብቻዋ በአንድ ራት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

የቻልኩትን ያህል አጣራሁ። ብዙዎች እኛም ደርሶብናል ብለው ጽፈዋል፤ ብዙዎች ደግሞ ፈጽሞ ሐሰት ነው ብለዋል። ከደረሰባቸው ውስጥ አንዳንዶቹ ምክንያት ይሰጣሉ። የልጁ እናት ቤቷ ምግብ ሠርታ እየጠበቀችው ነው፤ አንተ ብታበላው የእሷን ራት ታበላሻለህ። ወይም ደግሞ የልጁን ቤተሰብ ውለታ ውስጥ መክተት ይሆናል። ሄጄ ለጋሼ ያገኘሁትን ነገርኳቸው። ነገሩ አለ፣ የሁሉም ቤት ግን አይደለም፣ ምክንያቱም...

«ምክንያት አልጠየቅኩህም» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሌላ ነገር አነበብኩ። ለጋሼ የማይጠቅም ስለመሰለኝ የነገርኩት እናቴን ብቻ ነው። ወደ ሰሜን ስዊድን የሄደ መንገደኛ ሰዎቹ «አዎ» ማለት ሲፈልጉ ቃል እንደማያወጡ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው ትንፋሻቸውን በድንገት ወደ ውስጥ እንደሚስቡ ጽፏል። መጀመሪያ ሲሰማ ደንግጦ ውኃ ሊያመጣላቸው ነበር።

«ምን ሆነው ነው?» አለች እናቴ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች። «አስም አለባቸው?»

«እንጃ። ብርዱ ይሆናል። እኔ ልላጥልሽ?»

ትንፋሿን ሳብ አድርጋ ቢላዋውን ሰጠችኝ።

ሽማግሌ ከበር አይመለስምና የሽምግልናው ቀን ተቆረጠ። ስዊድኖቹ ለዚሁ ብለው ባሕር ተሻግረው መጡ። እጮኛዋ አሌክሳንድሪያ ካሉት ኢትዮጵያዊ አዛውንት ጋር ተማክሮ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዷ ሴት ትሁን ብሎ አክስቱን ጨመረ። እናቴ ላይ ላዩን «ሴት ሽማግሌ? ጉድ ነው!» አለች፤ ነገር ግን የዚያን ቀን ያወጣችው ሰርግ የምትሄድበትን ቀሚስ ነው።

ጸሐፊዎቹ ሁሉ ያለ ክርክር የተስማሙበት አንድ ነገር ስለነበር ጋሼን አስጠነቀቅኳቸው። «በሰዓቱ ነው የሚመጡት።»

«ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው በሰዓቱ አይመጣም። የቸኮለ ይመስላል» አሉኝና ሊላጩ ገቡ።

በመስኮት ወደ ታች ስመለከት ሁለት ረጃጅም ሰዎች በብርዱ ውስጥ ሕንፃችንን ሲዞሩ አየሁ። ማዕዘኑ ላይ ያለውን የሐበሻ ግሮሰሪ አልፈው ጠፉ፤ ትንሽ ቆይተው በሌላው በኩል ብቅ አሉ። ኩታ የለበሱት አዛውንት ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። ልክ በተባለው ሰዓት ደወሉ ጮኸ።

«ማነው?» አሉ ጋሼ ከመታጠቢያ ቤት።

«ናቸው።»

«አሁን?»

«አሁን።»

በጥድፊያ ወጡ። ግራ ጆሯቸው ሥር ሳሙና ቀርቶ ነበር፤ ሥነ ሥርዓቱ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ነበር፤ የነገራቸውም የለም።

በሩን ስከፍት ስዊድኖቹ ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን አወለቁ። አዛውንቱም ማውለቅ ግድ ሆነባቸው። «እነዚህ ሰዎች ጨረሱኝ» አሉኝ በሹክሹክታ ክራቸውን እየፈቱ። «'ቀድመን ደርሰናል፣ ሰው ቤት ቀድሞ አይገባም' ብለው ሰፈሩን አዞሩኝ። አሁን ደግሞ ካልሲዬን ሊያሳዩብኝ ነው!» እውነትም የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ብቅ ብሎ ነበር፤ በግራው ሸፍነው ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሼ፣ እንደ ደንቡ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አዛውንቱ፣ እነሱም እንደ ደንቡ። ስዊድኖቹን «ተቀመጡ ቢሏችሁም እንዳትቀመጡ» ብለው አስጠንቅቀዋቸው ነበርና ሁለቱ እንደ ምሰሶ ቆሙ። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠርገው የመጡበትን ተናገሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን ሰጥታችሁ እሱንም ልጃችሁ አድርጉት አሉ፤ በሚያምር አማርኛ ነበር።

በዚህ ጊዜ ከጋሼ የሚጠበቀው መልስ ይታወቃል። «ሰምተናል፤ እንመካከርበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይባላል። በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ስዊድኖች የተባሉትን እንደተባለ ነው የሚወስዱት፣ ተመለሱ ሲባሉ እምቢ የተባሉ ሊመስላቸው ይችላል ብዬ ለጋሼ ነግሬ ነበር። ይህን አስታውሰው ይሁን ወይም የራቱ ነገር አላስችል ብሏቸው፣ እንጃ፤ ደንቡን ትተው ቀጥታ ወደ አባትየው ዞሩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። እናንተ ቤት የሰው ልጅ ሊጫወት መጥቶ ገበታ ሲቀርብ ይበላል ወይስ ተቀምጦ ይጠብቃል?»

አዛውንቱ ኩታቸውን አጠበቁ። «ኧረ በስመ አብ! ይሄ አይጠየቅም፣ ጌታዬ።»

«ተርጉሙልኝ።»

«እኔ ለሽምግልና ነው የመጣሁት፣ ለክስ አይደለም!»

መኝታ ቤቱ ውስጥ ወለሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። እህቴ ወደ በሩ ተጠግታለች። በእንዲህ ዓይነት ቦታ አፌን የምከፍት ሰው አይደለሁም። ያን ጊዜ ግን «እኔ እተረጉማለሁ» አልኩ። ቃል ሳላለሰልስ፣ ጋሼ እንዳሉት አድርጌ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳቸው።

አባትየው ዝም አሉ። ጋሼ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ይቆዩ ለማለት እጄን ዘረጋሁ፤ በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም። ያነበብኳቸው ሰዎች ይህን ዝምታ ቅዝቃዜ ብለውታል። እኔ ግን አጠገባቸው ቆሜ ፊታቸውን ሳይ ሰውየው እያስታወሱ እንደነበር አየሁ።

ከዚያ ተናገሩ፤ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተረጎምኩ። ልጅ ሳሉ ጓደኛቸው ቤት ጠብቀዋል። የተጠበሰ ዓሣ ይሸት ነበር። ጓደኛቸው እስኪመለስ የእንጨት ባቡር ሲገፉ እንደቆዩ ያስታውሳሉ። የተበደሉ አልመሰላቸውም፤ ነገሩ እንደዚያ ነበር። የውጭ ሰዎች ሲጽፉትና ሲስቁበት መጀመሪያ ተናደዱ፤ በኋላ ግን እህታቸውን እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

«በራስዎ ቤትስ?» አሉ ጋሼ።

«አንዳንድ ጊዜ እኛም እንደዚያው አድርገናል» አሉ አባትየው። «አላደረግንም ብል ውሸት ይሆናል።»

አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አለቀልን» አሉ በአማርኛ።

እኔ የአባትየውን መልስም እንዳለ ለጋሼ ተረጎምኩት። ጋሼ አባትየውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ወደፊትስ? የእህቴ ልጅ እዚያ ቤት ብትገባ፣ ልጅ ብትወልድ፣ የልጆቿ ጓደኞች ቢመጡ፣ ገበታው ላይ ይቀርባሉ?»

ተረጎምኩ። አባትየው ቃል አልተናገሩም፤ ትንፋሻቸውን አጭርና ፈጣን አድርገው ወደ ውስጥ ሳቡ። አክስትየውም እንዲሁ። እናቴም ከኩሽናው በር ላይ እንዲሁ። ሦስቱ ትንፋሾች ተከታትለው መጡ።

ልተረጉም አፌን ከፈትኩ፤ የሚተረጎም ነገር አልነበረም።

«ይሄን ተወው» አሉኝ ጋሼ። «ሰምቻለሁ።»

መንገደኛው ውኃ ሊያመጣለት የተነሳው «አዎ» ይኼ ነው። ስለ በሽተኛ ያነበብኩ ይመስል አልፌው ነበር፤ የተጻፈው ትንፋሹን እንዲህ ለማይስብ ሰው ነዋ። እኔ ግን እናቴ በቀን ስንት ጊዜ እንዲያ ብላ የምትመልስልኝ ሰው ነኝ። የእህቴ እጮኛ ያደገው ደቡብ ስዊድን ስለሆነ እንዲህ ሲል ሰምተነው አናውቅም፤ አባቱና አክስቱ ናቸው የሰሜን ሰዎች።

«እንግዲህ ተቀመጡ» አሉ ጋሼ።

ይሄኛው ተቀመጡ የመጀመሪያው አልነበረም፤ እሺ ማለት ነው። ስዊድኖቹ ግን አልተቀመጡም። እንዳትቀመጡ ተብለዋላ! አዛውንቱ ዞረው «ሲት ዳውን! አሁን ይቻላል፣ ሲት!» እያሉ በሁለት እጃቸው የሁለቱን ትከሻ ወደ ታች ጫኑ። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ መኝታ ቤቱ በር ተከፈተ፤ ከዚያ እልልታው መጣ። በእልልታው መሃል እናቴ «ያንን ልጅ ከፓርኪንግ ጥሩት፣ በብርድ ሊያልቅ ነው!» ስትል ሰማኋት። ወርጄ የጠራሁት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቁ ሄጄ ጋሼን ለምን በመጀመሪያው ቀን እሺ እንዳሉ ጠየቅኳቸው። የሻንጣ ዚፕ እየከፈቱ እየዘጉ ይሞክሩ ነበር።

«የለም ብለው ክደው ቢሆን ተመለሱ እላቸው ነበር፤ ሲመለሱም እምቢ» አሉ። «የራሱን ቤት ነውር በባዕድ ሲጠየቅ ያልዋሸ ሰው ነው። ከዚህ በላይ የትኛው ጎረቤት ነው የሚነግረኝ?»

ሰርጉ ለፋሲካ ማግስት ተቀጥሯል። ከዚያ በፊት ይህን ጽፌ መጨረስ ፈለግሁ። ያማረርኩባቸው ሰዎች ያደረጉትን አሁን እኔም አድርጌአለሁ፤ ስለ ስዊድኖች የጻፍኩ የውጭ አገር ሰው ሆኛለሁ። ስለዚህ ሰርጉ ላይ ከመሰብሰባችን በፊት እዚያ የነበራችሁ ሁሉ አንብባችሁ አርሙኝ። የአሌክሳንድሪያው አባታችን፣ ሰፈሩን ስትዞሩ ስዊድኖቹ እርስ በርሳቸው ምን ይነጋገሩ ነበር? ወይስ ዝም ብለው ነው የዞሩት? የእህቴ እጮኛ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ምን ስታደርግ ነበር? አባትየው፣ ባቡሩ የእንጨት እንደነበር በትክክል ሰምቻለሁ? እህቴ፣ ከበሩ ኋላ ሆነሽ የሰማሽው እኔ ከጻፍኩት ይለያል?

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። ከሦስቱ ማን ነው ትንፋሹን መጀመሪያ የሳበው? እኔ አባትየው ናቸው ብዬ ጽፌአለሁ፤ አክስትየው ናቸው የሚልም አለ። እናቴን ጠይቄአት ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር በሕይወቷ አድርጋ እንደማታውቅ ነገረችኝ። «እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት። ቃል ሳታወጣ የመለሰችልኝን የእሷ ልጅ ለሆነ መንገር አያስፈልግም፤ የቀራችሁት ግን በዚያ እሑድ የሰማችሁትን ጻፉልኝ።